ያዘዛችኋት ፈጣን ኮምፓክት መኪና በዕቃ እጥረት ስትዘገይ ምን ታደርጋላችሁ?

የቶዮታዋን ጂአር ኮሮላ፣ የሆንዳዋን ሲቪክ ታይፕ አር፣ የቮልስዋገኗን ጎልፍ ጂቲአይ ወይም ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ አዛችሁ ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ ሻጩ ደውሎ «ፋብሪካው የዕቃ እጥረት ገጥሞታል፣ ትንሽ ትዘገያለች» ቢላችሁ፣ አፋችሁ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «መቼ ትደርሳለች?» ነው። ይህን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። ሻጩ የሚነግራችሁ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ያየው ግምት ነው፤ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱም አያምንበትም። በቅድሚያ የሚጠየቀው «መኪናዋ ተሠርታለች ወይስ ገና አልተጀመረችም?» የሚለው ነው። ካልተጀመረች ቀለም፣ ፓኬጅ፣ ካምቢዮ፣ ዲለርም ጭምር መቀየር ይቻላል። ተሠርታ የሆነ ሜዳ ላይ ዕቃ የምትጠብቅ ከሆነ ግን ያላችሁ ምርጫ መታገስ ወይም ቀብዱን ማስመለስ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች የተጻፈው አሜሪካ ላለ ገዢ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ስለ ፋብሪካውና ስለ ርክክቡ ያለው ይጠቅማችኋል፤ ስለ ክሬዲት ካርድና ስለ ብድር ያለውን ዝለሉት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጎደለው ዕቃ የትኛው ነው?

አንዲት መኪና እስከ ትንሿ ብሎን ከተቆጠረች 30,000 ያህል ዕቃ አላት። የመገጣጠሚያውን መስመር ለማቆም አንዱ መጥፋቱ ይበቃል። ለእናንተ ቁም ነገሩ ግን ዕቃው ኋላ ሊገጠም መቻሉና አለመቻሉ ነው።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅሉን እንይ። ቀለም ተቀብቶ ወደ መገጣጠሚያው የሚመጣው ቦዲ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ በቴፕ የተጠቀለለውን ወፍራም የሽቦ ጥቅል ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ ቅርንጫፎቹን በበሮቹ፣ በጣሪያውና በሞተሩ በኩል ባሉ ቀዳዳዎች ማሾለክ ነው። ምንጣፉም፣ ዳሽቦርዱም፣ ወንበሩም፣ የጣሪያው ልባስም የሚመጡት ከዚያ በኋላ፣ በላዩ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ተገጥሞ ጥቅሉ በመጨረሻ ይግባ ማለት፣ ቤቱ ተለስኖ ቀለም ከተቀባ በኋላ የመብራት ቱቦ እንቅበር እንደማለት ነው። በዚያ ላይ ጥቅሉ በአመዛኙ በእጅ የሚሠራና ለየመኪናዋ የተለካ ነው፤ የሚሞቅ ወንበር የታዘዘላትና ያልታዘዘላት መኪና ጥቅል ይለያያል። ስለዚህ ካጠገቧ ካለችው መኪና መበደር አይቻልም። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የታየው ይኸው ነው። ሊዮኒ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በስትሪይና በኮሎሚያ ከተሞች ያሉት የሽቦ ፋብሪካዎቹ ሲቆሙ፣ ቮልስዋገን በማርች ወር መጀመሪያ ስቪካው ከተማ ያለውን ፋብሪካውን፣ ከዚያ የጎልፍ ቤት የሆነውን የቮልፍስቡርጉን አቆመ። በዚያ ሰሞን ጂቲአይ ወይም ጎልፍ አር ያዘዘ ሰው የሚጠብቃት መኪና ገና አልተፈጠረችም ነበር።

ቺፕ የጎደለበት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የስክሪን፣ የወንበር ማሞቂያ ወይም የፓርኪንግ ሴንሰር መቆጣጠሪያ ሳጥን በአራት ብሎን ታስሮ በአንድ ሶኬት የሚሰካ ነገር ነው፤ ኋላ ይገባል። ፎርድ በ2021ና በ2022 ቺፕ የጎደላቸውን ፒካፖች ጨርሶ ሚሺጋን ውስጥ በየሜዳው ደርድሯቸው የነበረው ለዚህ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ሲጎድል ደግሞ መኪናዋ በራሷ ከመስመሩ ስለማትወጣ፣ ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ባይጀምራት ይመርጣል።

ቺፕ ነው ከተባላችሁ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ አትቀበሉ። ቺፖቹ የሚሠሩበት ስስ የሲሊኮን ዝርግ (ዋፈር) ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሂደቶችን አልፎ ለመውጣት 12 ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ማሸጉና ሙከራው ከዚያ በኋላ ነው። በማርች 19፣ 2021 ጃፓን ናካ ያለው የቺፕ አምራቹ የሬኔሳስ ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ምርቱ ወደ ነበረበት የተመለሰው በጁን መጨረሻ ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላም ቺፑ ወደ ሳጥን ሠሪው፣ ሳጥኑ ወደ መኪና ፋብሪካው መጓዝ ነበረበት።

ሦስተኛው ዓይነት እጥረት ለገዢ ከሁሉም የቀለለው ነው፦ ቀለም። በ2011 የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ኦናሃማ ያለውን የጀርመኑን ኩባንያ የመርክን ፋብሪካ ሲያቆመው፣ ዚራሊክ የሚባለው የሚያብለጨልጭ የቀለም ዱቄት ሌላ የሚሠራበት ቦታ ስላልነበረ ፎርድ ጥቁርና አንዳንድ ቀይ ቀለሞችን ማዘዝ እንዲቆም አድርጎ ነበር። ስለዚህ የያዛችሁ ቀለም ወይም አንድ ዓይነት ቸርኬ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩ። ለአንድ ሰማያዊ ቀለም ብሎ ክረምቱን በእግር የሚያሳልፍ ሰው አለ፤ መብቱ ነው።

እነዚህ መኪኖች ለምን ቀድመው ይቆማሉ?

በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ ነው። የተለመደችው ኮሮላ ወንበር ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ የጂአር ኮሮላ ወንበር፣ ፍሬን፣ ዲፈረንሻልና ባለሦስት ሲሊንደሩ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር ግን ምትክ አቅራቢ የማይያዝላቸው ናቸው። መኪናዋ የምትገጣጠመውም ቶዮታ ከተማ ውስጥ ባለው የሞቶማቺ ፋብሪካ፣ ጂአር ፋክተሪ በተባለው ክፍል ነው። እዚያ የተለመደው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ የለም፤ ቦዲው ከአንዱ የሥራ ጣቢያ ወደ ሌላው በሰው አልባ ጋሪ ይጓዛል። ጥራቱ ያስቀናል፤ ነገር ግን የጠፋውን አንድ ወር በትርፍ ሰዓት ለማካካስ የሚመች አሠራር አይደለም።

የታይፕ አር ነገር ደግሞ ያስገርማል። ሞተሩ ኦሃዮ፣ አና በምትባል ከተማ ይሠራል፤ በመርከብ ጃፓን ሄዶ ዮሪኢ ፋብሪካ መኪናዋ ላይ ይገጠማል፤ ከዚያ መኪናዋ ተመልሳ አሜሪካ ትመጣለች። አንድ ሞተር ውቅያኖሱን ሁለት ጊዜ ሲያቋርጥ የወደብ ችግርም ሁለት ጊዜ ሊያገኘው ይችላል።

ሻጭ በፊት ለፊት የማይናገረው ሌላም ምክንያት አለ። ቺፕ ሲያጥር ኩባንያው ያለችውን ቺፕ የሚሰጠው ብዙ ትርፍ ለምታመጣው ትልቅ መኪና ነው። ስለዚህ «እጥረቱ እየቀለለ ነው» የሚል ዜና ስትሰሙ ቅለቱ ቀድሞ የሚታየው በኤስዩቪው ላይ እንጂ በእናንተ መኪና ላይ አይደለም።

መኪናዋ የት እንደደረሰች ማወቅ

ቶዮታና ሆንዳ አሜሪካ ውስጥ እንደ ልብስ ስፌት ለክተው አይሠሩላችሁም። ፋብሪካው ለዲለሩ ኮታ ይመድባል፤ ዲለሩ ከኮታው ውስጥ ለእናንተ የምትቀርበዋን ይይዛል። ስለዚህ «ታዟል» የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም። ቶዮታ ዲለር ጋ ከሆናችሁ መኪናዋ በየትኛው ፊደል ላይ እንዳለች ጠይቁ፦ ኤ ከሆነች ተመድባለች፣ ገና በሥራ ወረፋ ላይ ናት፤ ኤፍ ከሆነች ተሠርታ መንገድ ላይ ናት፤ ጂ ከሆነች ዲለሩ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ኤ ላይ ያለች መኪና ቀኗ ሊገፋ ይችላል። ፊደልም ምድብም የሌላት መኪና ደግሞ የለችም፤ የተሰለፋችሁት የሻጩ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ነው።

ቪን የሚባለው የመኪናዋ መለያ ቁጥር ሲሰጣችሁ 17 ፊደልና አኃዝ መሆኑን ቁጠሩ። መጀመሪያው ጄ ከሆነ ጃፓን፣ ደብልዩ ከሆነ ጀርመን የተሠራች ናት። አሥረኛው የሞዴል ዓመቱ ነው፦ አር 2024፣ ኤስ 2025፣ ቲ 2026። ቪን ወጣ ማለት ተሠራች ማለት እንዳልሆነ ግን አትርሱ፤ ቁጥሩ ቀድሞ ሊሰጥ ይችላል።

አሥረኛዋን ፊደል አትናቋት። መዘግየቱ ከሞዴል ዓመት ወደ ሞዴል ዓመት ከተሻገረ የምትመጣላችሁ ሌላ መኪና ልትሆን ትችላለች። ጎልፍ ጂቲአይና ጎልፍ አር አሜሪካ ላይ በ2024 ሞዴል በእጅ ማርሽ ይገኙ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ አውቶማቲክ ብቻ ሆኑ። ጂአር ኮሮላ በተቃራኒው በ2025 ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ተጨመረላት። ፍሪሲዮን ረግጦ መንዳት የሚወድ ሰው «ወደሚቀጥለው ዓመት እናዛውርልህ» ሲባል እሺ ከማለቱ በፊት ይህን ማጣራት አለበት።

ከተሠራች በኋላ ያለውን ጉዞ በሳምንት አስቡት። ከጃፓን እስከ ምዕራብ ጠረፍ ባሕሩ ብቻ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ በፓናማ ዞሮ ምሥራቅ ጠረፍ ለሚደርስ ከወር በላይ ያዙ። ወደብ ላይ ፍተሻ፣ ተጨማሪ ዕቃ መግጠምና የጭነት ወረፋ አለ። ዋሽንግተን፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ የባልቲሞርን ድልድይ ታስታውሳላችሁ፤ በማርች 26፣ 2024 ሲወድቅ ወደ ወደቡ የሚገባው ዋና የመርከብ መንገድ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ጁን ላይ ነበር፤ እስከዚያ የመኪና መርከቦች ወደ ሌላ ወደብ ዞሩ።

ለዲለሩ የሚላክ ኢሜይል

በስልክ የተባለ ነገር አየር ላይ ይቀራል፤ በጽሑፍ ጠይቁ። ለሻጩ ብቻ ሳይሆን ለሽያጭ ማናጀሩም ግልባጭ ይድረሰው። የሚጠየቀው ይህ ነው፦

1. መኪናዋ ከኮታችሁ ተመድባለች? የትዕዛዝ ቁጥሯ ወይም ቪኗ ስንት ነው?
2. ዛሬ በየትኛው ደረጃ ላይ ናት? የሥራ ሳምንቷ ተቆርጧል?
3. የያዛት ዕቃ ምንድነው? ከአንድ ፓኬጅ ወይም ቀለም ጋር የተያያዘ ነው ወይስ ሁሉንም መኪና የሚነካ?
4. ያንን ፓኬጅ ብተወው ቀኑ ይቀድማል?
5. ከወረፋው ስንተኛ ነኝ? በወር ስንት እንዲህ ያለች መኪና ይመጣላችኋል?
6. የተስማማንበት ዋጋ መኪናዋ እስክትደርስ የጸና ነው?

አምስተኛውን አትዝለሉት። ስድስተኛ ሆናችሁ ዲለሩ በሦስት ወር አንድ መኪና የሚያገኝ ከሆነ፣ የዕቃ እጥረቱ ነገ ቢያልቅም ከአንድ ዓመት በላይ ትጠብቃላችሁ። ያኔ ችግሩ ዲለሩ ነው። ትልቅ ኮታ ያለውን ዲለር በሌላ ክልልም ቢሆን ፈልጉ፤ የሽያጭ ታክሱን የምትከፍሉት በአብዛኛው መኪናዋን በምታስመዘግቡበት ክልል ልክ ነው።

ቀብድ፣ ዋጋ፣ ብድር

ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። በጥሬ ገንዘብ ወይም ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ የሄደ ቀብድ ሲያከራክር የሚያግዛችሁ ባንክ የለም። በካርድ ከሆነ በውሉ መሠረት ያልተሰጣችሁን ነገር የመቃወም ሕጋዊ መብት አላችሁ፤ ነገር ግን ስህተቱ የታየበት የመጀመሪያው ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። የመኪና መዘግየት ከ60 ቀን ስለሚበልጥ በካርዱ ብቻ አትተማመኑ፤ ደረሰኙ ላይ «ተመላሽ የሚሆን» የሚል ቃልና «እስከዚህ ቀን ካልደረሰች ቀብዱ በሙሉ ይመለሳል» የሚል መስመር ይጻፍበት። ሻጩ «አያስፈልግም፣ እንተማመናለን» ካለ መጻፉ ከብዶት ነው።

በሦስት ቀን ውስጥ ሐሳቤን ብቀይር እመልሳለሁ የሚል ወሬ በየካፌው ይሰማል። ያ የፌዴራል ደንብ ዲለር ቤት ሄዳችሁ ለገዛችሁት መኪና አይሠራም።

ዋጋ የሚናጋው ከሁለት በኩል ነው። አንዱ ከፋብሪካው ይመጣል፤ የሞዴል ዓመት ሲቀየር ወይም ቀረጥ ሲጨመር ይነሣል። በኤፕሪል 3፣ 2025 ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ሲጣል፣ የጃፓኖቹ ላይ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወደ 15 በመቶ ሲወርድ፣ በወረፋ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዋጋዬ ምን ይሆን ብሎ ተጨንቋል። ሌላው ዲለሩ በፋብሪካው ዋጋ ላይ የሚጨምረው (ማርክአፕ) ነው። እጥረት ባለበት ወቅት መኪናዋ ስትደርስ «ገበያው ተቀይሯል» ብሎ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጨምር አለ። በውሉ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «የመሸጫ ዋጋው በርክክቡ ቀን መስኮቱ ላይ በሚለጠፈው የፋብሪካ ዋጋ ነው፤ ዲለሩ ምንም አይጨምርም።» የፋብሪካውን ጭማሪ ባያስቀርም ቢያንስ የዲለሩ ጭማሪ ይዘጋል።

ብድሩን ቀድማችሁ አትጨርሱ። የባንክ ቅድመ ፈቃድ በአብዛኛው የሚጸናው ከ30 እስከ 60 ቀን ነው፤ መኪናዋ ሦስት ወር ብትገፋ እንደገና ትጠየቃላችሁ፣ ክሬዲታችሁም እንደገና ይታያል። መኪናዋ ወደብ ደረሰች ሲባል ለሦስት ወይም ለአራት ባንክና ክሬዲት ዩኒየን በ14 ቀን ውስጥ አመልክቱ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተጠየቀው ነጥባችሁ ላይ እንደ አንድ ይቆጠራል።

አሮጌ መኪናችሁን በልዋጭ የምታስገቡ ከሆነም ዛሬ የተገመተው ዋጋ ለቀናት ብቻ ነው የሚቆየው። እስከዚያ ያላችሁን መኪና አትሽጡ። የሊዝ መኪና ካላችሁና ጊዜው ሊያልቅ ከሆነ፣ ከማለቁ ከአንድ ወር በፊት ለሊዝ ኩባንያው ደውላችሁ በየወሩ እንዲራዘምላችሁ ጠይቁ።

በነገራችን ላይ፣ ጥቂት ዓመት ነድቼ አገር ቤት እልካታለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

«ይህ ዕቃ ሳይኖራት ትወስዷታላችሁ?»

አንዳንዴ ፋብሪካው የጎደለውን ትቶ መኪናዋን ይለቃታል። ጀነራል ሞተርስ በ2021 ከትልልቅ መኪኖቹ ላይ መኪናዋ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሩን የሚያጠፋውን ሲስተም አንሥቶ ከዋጋው 50 ዶላር ቀነሰ፤ በዚያው ዓመት የወንበር ማሞቂያም ከበርካታ ሞዴሎች ላይ ወጣ። ቶዮታ በኦክቶበር 2022 ጃፓን ላይ ከሁለቱ ስማርት ቁልፎች አንዱን ብቻ እየሰጠ ሌላውን በተራ ቁልፍ ተክቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ጥያቄው ሽቦው አለ ወይስ የለም ነው። ሽቦው ተዘርግቶ ሳጥኑ ብቻ ከጎደለ፣ ዲለሩ ኋላ በሰዓታት ውስጥ ይገጥመዋል፤ ተቀበሉ፤ ግን «ዕቃው ሲመጣ በነጻ ይገጠማል» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ውጡ። ከነሽቦው ከወጣ ግን መቼም አይመለስም ብላችሁ አስሉ። የሚቀነስላችሁ ገንዘብ ካላረካችሁ አትቀበሉ። ሁለተኛ ቁልፍን መጠበቅ ይቻላል፤ ፍሬንን፣ ዲፈረንሻልንና ወንበርን የሚነካ ምትክ ግን መኪናዋን የገዛችሁበትን ምክንያት ነው የሚወስደው።

ስትደርስ

ለወራት ቆማ የመጣች መኪና አዲስ ብትሆንም ቁጭ ያለ ዕቃ ሁሉ የሚደርስበት ይደርስባታል። በቀን ብርሃን ሄዳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እዩ። በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ያለው ተለጣፊ የተሠራችበትን ወርና ዓመት ይናገራል። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ የተገጣጠመችበትን ቦታ፣ የሞተሩንና የካምቢዮውን አገር፣ የተገጠመላትን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከኢሜይላችሁ ጋር አስተያዩት፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑት።

ባትሪው ከሁሉም በፊት ይጎዳል። ለጥቂት ሰዓታት ሳትነሣ የቆየች መኪና ላይ ሲለካ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.4 ይቻላል፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ከዚያ ከወረደ ቻርጅ አድርገን እንሰጣለን የሚለውን አትስሙ፤ ተደጋግሞ ባዶ የሆነ ባትሪ በመጀመሪያው ብርድ ይከዳል፣ ይቀየርላችሁ። ጎማው ጎን ላይ ያለው የመጨረሻው አራት አኃዝ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2325 ማለት የ2025 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። በአንድ ቦታ የቆመ ጎማ ከመሬቱ ጋር የተገናኘበት ጎን ጠፍጥፎ በመሪው ላይ ያርገበግባል፤ 20 ማይል ነድታችሁ ካልተስተካከለ አስመዝግቡ። ፍሬን ዲስኩ ላይ ያለ ስስ ዝገት በጥቂት ፍሬን ይጠፋል፤ ጉድጓድ ያበጀ ዝገት ግን አይጠፋም።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ለሴፕቴምበር የተቀጠረች መኪና ጃንዋሪ ላይ ስትመጣ የሚገጠምላት ያው የበጋ ጎማ ነው። ታይፕ አር 265/30 ባለ 19 ኢንች ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ላይ ነው የምትቆመው፤ ይህ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደነድናል፣ በረዶ ላይ ጭራሽ አይዝም። ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ ያላችሁ አራት የክረምት ጎማ ቀድማችሁ አዙ፤ ካልሆነ ዲለሩ እስከ ቤታችሁ በጭነት መኪና እንዲያመጣት ተስማሙ።

የመጨረሻው ፊርማ ላይ ዋስትናው ከመቼ እንደሚቆጠር እዩ። የሚቆጠረው እናንተ ከተረከባችሁበት ቀን እንጂ ከተሠራችበት ቀን መሆን የለበትም። ዲለሩ ለማሳያ ወይም ለሙከራ አስመዝግቧት ከነበረ ግን ቆጠራው ቀድሞ ጀምሯል፤ ቀኑ ከእናንተ ርክክብ የቀደመ ሆኖ ካገኛችሁት እንዲስተካከል ወይም በዋጋው እንዲካካስ ሳታደርጉ አትፈርሙ።